ባቡሩ የት ይቆማል? የአዋሽ–ሐራ ገበያ መስመርና የመርሳ ጥያቄ

ወሎ ውስጥ ባለችው መርሳ የባቡር ወሬ ከተነሣ ቀድሞ የሚጠየቀው «መቼ ይመጣል?» ነው። ቡና ላይም፣ አይሱዙ ስናስጭንም፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥርም ያው ነው። እኔን ግን የሚያሳስበኝ «ሲመጣ የት ይቆማል?» የሚለው ነው። የመስመሩ ሥራ በተጀመረ ሰሞን የቀያሽ ረዳት ሆኜ የመቀየሻ ፕሪዝም ተሸክሜ በወረዳችን በሀብሩ ቆላ ስባዝን ከርሜያለሁ። ዛሬ ደግሞ ማንጎና ፓፓያ እያስጫንኩ ነው የምተዳደረው። ከሁለቱም ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ሐዲድ በማሳ መካከል ማለፉ ብቻውን ለባለማሳው ምንም አይፈይድለትም። ጥቅም የሚመጣው ባቡሩ ቆሞ የሚጭንበትና የሚያራግፍበት ቦታ ሲኖር ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት የመስመሩን ታሪክ ከሥሩ ልጀምር።

መስመሩ አዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ይባላል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ከሚሄደው ዋና መስመር አዋሽ ላይ ተገንጥሎ ወደ ሰሜን ይታጠፍና በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል። ከዚያ የወሎን ተራሮች የምሥራቅ ግርጌ ይዞ በሀብሩ በኩል ሐራ ገበያ ይደርሳል። ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 270ው እስከ ኮምቦልቻ ያለው የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲሆን፣ ከ120 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ቀሪው ከኮምቦልቻ ወደ እኛ የሚመጣው ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። እንዲህ ከዋናው ተገንጥሎ ወደ ገጠር የሚገባ ሐዲድ ቅርንጫፍ መስመር ይባላል። ጠባዩም እንደ ስሙ ነው፤ ግንዱ ከደረቀ እሱም ይደርቃል።

በሁለት ባቡሮች መካከል

የወሎ የባቡር ታሪክ በአብዛኛው ሳይመጣ የቀረ ባቡር ታሪክ ነው። ከመርሳ ወደ ደሴ ሲጓዙ መንገድ ላይ ውጫሌን ያገኛሉ። ምኒልክና ጣሊያን በ1881 ዓ.ም ሚያዝያ ወር የተዋዋሉት፣ በኋላም አድዋ ድረስ ያደረሰው ውል የተፈረመው በዚያ ነው። ውሉ ሲፈረም ጣሊያን ከምጽዋ እስከ ሰዓጢ ሐዲድ ዘርግታ ጨርሳ ነበር። ያ ሐዲድ ቀስ በቀስ ተራራውን እየተጠማዘዘ ወጥቶ በ1904 ዓ.ም አስመራ ገባ። ከዚያም ወደ ከረን፣ ቀጥሎም ወደ አቆርዳት ሄደ። ፊቱን ወደ ምዕራብ አዞረ እንጂ ወደ ደቡብ፣ ወደ እኛ፣ አልመጣም።

በሌላው ወገን ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው። ሥራው ጅቡቲ ላይ በ1890 ተጀምሮ ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ደረሰ። በመካከሉ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ሌላ ተተክቶበታል። 784 ኪሎ ሜትር የሚሆነውና የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ይህ ሐዲድ አዋሽን ቢሻገርም ከአዋሽ ወደ ሰሜን የሚገነጠል ቅርንጫፍ አላወጣም። ስለዚህ ከላይ የአስመራው፣ ከታች የአዲስ አበባው ባቡር እያፏጨ ሲመላለስ፣ ወሎ መሀል ላይ በቅሎና ግመሉን እንደጫነ ቀረ።

ለእኛ የመጣልን የመኪና መንገድ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአስመራ ተነሥቶ በመቀሌ፣ በማይጨው፣ በአላማጣ፣ በወልዲያና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውን መንገድ ሠራ። ጣርማ በር ላይ ተራራውን የበሳው ዋሻ የዚያው ሥራ አካል ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ሚሌ ወርዶ አሰብ የሚደርሰውም የዚያው ዘመን ነው። መርሳ ከአዲስ አበባ 490 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በዚህ መንገድ ዳር ያደገች ከተማ ናት። ምግብ ቤቱም፣ ጎሚስታውም፣ የፍራፍሬ መደቡም ፊቱን ወደ አስፋልቱ ያዞረው ለዚህ ነው። የአውቶቡስ መስኮት ሲከፈት ሙዝና ፓፓያ ይዞ መሮጥ የከተማው ልጆች የመጀመሪያ ንግድ ነው፤ የእኔም ነበር።

በመንገድ ብቻ መኖር ግን ክፉ ቀን ሲመጣ ይጎዳል። በ1977 ዓ.ም ወሎ በረሃብ ሲያልቅ የእርዳታው እህል አሰብ ወደብ ላይ ተከምሮ የሚያነሣው መኪና አልበቃ ብሎ ነበር። ልዩነቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና 40 ቶን ገደማ ይጭናል እንበል። እያንዳንዳቸው 60 ቶን የሚይዙ 40 ፉርጎዎች የተቀጠሉበት ባቡር ደግሞ 2,400 ቶን፣ ማለትም የ60 መኪና ጭነት፣ በአንድ ጉዞ ያደርሳል። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ሰበቃ ትንሽ ስለሆነ፣ አንድ ቶን ለማጓጓዝ የሚፈጀው ጉልበት ከመኪና በብዙ ያንሳል።

ወልዲያ እንደ ሐረር፣ ሐራ እንደ ድሬዳዋ

ሜዳ ላይ ባቡርን የሚያስመካው ይኸው የሰበቃ ማነስ ዳገት ላይ ያዋርደዋል። ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታላ! ጭነት የያዘ ባቡር በየ100 ሜትሩ ሁለት ሜትር ብቻ ከፍ በል ቢሉት ይጨነቃል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለውን 650 ሜትር ልዩነት በዚያ ልክ ለመውጣት፣ ባቡር ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ አንድም ጊዜ ሳያርፍ መጠማዘዝ አለበት። ስለዚህ ቀያሾቹ ደሴን በስተ ግራ ትተው ቆላ ቆላውን ሄዱ።

የወልዲያም ነገር እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰው መስመሩን «የወልዲያ ባቡር» ይለዋል፤ ግን ወልዲያ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተራራ ተንተርሳ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ሐዲዱ ወደ ውስጧ አይገባም። የሚያርፈው ከእሷ በታች፣ ወደ አፋር በሚያወርደው ሜዳ በኩል፣ ሐራ ገበያ ላይ ነው። ይህን ስነግራቸው የሚናደዱ የወልዲያ ወዳጆች አሉኝ። «አብሽር፣ ሐረርም እንዲህ ሆናለች» እላቸዋለሁ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በ1886ቱ ፈቃድ መሠረት ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ መጀመሪያ ሐረር መግባት ነበረበት። በዚያ ዘመን የምሥራቁ ንግድ እምብርት ሐረር ነበረች፤ ቡናውም፣ ቆዳውም፣ ሲራራ ነጋዴውም እዚያ ነበር። መሐንዲሶቹ ግን ተራራውን አይተው ወጪውን ፈሩ። ሐዲዱን ከተራራው ግርጌ አሳልፈው ሰው ያልሰፈረበት አሸዋማ ቦታ ላይ ጣቢያና የጥገና ወርክሾፕ ተከሉ። ስሙንም መጀመሪያ አዲስ ሐረር አሉት። ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት እሷ ናት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሐረር ነጋዴ ዕቃውን ለመላክ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሆነ። ግንበኛው፣ መካኒኩ፣ የጉምሩክ ሠራተኛው፣ ግሪኩና የመናዊው፣ ሁሉም ጣቢያው አጠገብ ሠፈረ።

ድሬዳዋን ያሳደጋት ሐዲዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ በሐዲዱ ዳር ያለው መንደር ሁሉ ከተማ በሆነ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ባቡሩ እዚያ መቆሙ፣ መጠገኑና ጭነት መለወጡ ነው። ሐራ ገበያም በእቅዱ ላይ ያላት ቦታ የዋዛ አይደለም። ወደ ሰሜን የመቀሌው፣ ወደ ምሥራቅ በሰመራና በአሳይታ በኩል የታጁራ ወደቡ፣ ወደ ምዕራብ የወረታና የባሕር ዳሩ መስመሮች እንዲገናኙ የታሰበው በዚሁ የወልዲያ አካባቢ ነው። እቅዱ በሙሉ ቢሠራ ኖሮ ሐራ ገበያ በሰሜኑ ክፍል የባቡር መገናኛ ትሆን ነበር።

ከወረቀት ወደ አፈር

የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም ተቋቋመ። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም በነበረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅድ 2,395 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሊሠራ ታቀደ። የእኛው መስመር ውል በ2004 ዓ.ም ሰኔ ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ጋር ተፈረመ፤ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ገንዘቡ በብድር ስለሚመጣ አበዳሪ እስኪገኝ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ የቱርክ ኤክዚም ባንክና በክሬዲት ስዊስ የተመሩ አበዳሪዎች ገቡበትና በ2007 ዓ.ም የካቲት ግንባታው በይፋ ተጀመረ። ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚሄደውን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ደግሞ አንድ የቻይና መንግሥት ኩባንያ ያዘው።

እኔ የገባሁት እዚህ ላይ ነው። የቀያሽ ረዳት ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው። አንጸባራቂ መስታወት ያለበትን ዘንግ፣ ፕሪዝም የሚባለውን፣ ተሸክሞ ወደታዘዙበት መሄድ፣ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ቀያሹ ከሩቅ በመቀየሻ መሣሪያው፣ በቶታል ስቴሽኑ፣ አይቶ እጁን ሲያወርድ ችካል መምታት። የችካሉ አናት ቀይ ይቀባል፤ ቁጥር ይጻፍበታል። አስቸጋሪው ቦታው ነው። አንዱ ችካል ማሽላ መሀል፣ ሌላው የሰው ጓሮ፣ ሌላው ገደል አፋፍ ይውላል። ጠዋት የመታነውን ችካል ማታ እረኞች ነቅለው ለከብት መንጃ ወስደውት ያደረበት ጊዜ ነበር።

ከችካሉ በኋላ ማሽን ይገባል። ብዙ ሰው ባቡር ሲባል ሐዲዱን ያስባል፤ ትልቁ ሥራ ግን ከሐዲዱ በታች ያለው አፈር ነው። ገልባጭ መኪና የተመረጠ አፈር ያራግፋል፣ ግሬደር በስስ ይዘረጋዋል፣ ቦቴ ውሃ ያርከፈክፍበታል፣ ሮለር እየተመላለሰ ይጠቀጥቀዋል። ከዚያ የላቦራቶሪ ልጆች ይመጡና ከተጠቀጠቀው አፈር ላይ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍረው የወጣውን አፈር ይመዝናሉ። ጉድጓዱንም እፍግታው በታወቀ አሸዋ ይሞሉታል። ከሁለቱ ተነሥተው አፈሩ ምን ያህል እንደጠበቀ ያሰላሉ። ካላለፈ ያ ሁሉ ንብርብር ተፍቆ እንደገና ይሠራል። እንዲህ ንብርብር በንብርብር ሲካብ ይከርምና ከሰው ቁመት በብዙ የሚበልጥ ሙሌት ይሆናል።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከማሳቸው ዳር ሆነው ሥራውን ሲመለከቱ ቆዩና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ አፈር የምትከምሩት ለባቡር ነው ወይስ ለግድብ?»

«ለባቡር ነው አባባ።»

«እንግዲያ ጎርፉን በየት በኩል እንዲያልፍ ነገራችሁት?»

ፎርማኑ ሰምቶ ሳቀ፤ የጠየቁት ግን የመስመሩን ዋና ፈተና ነበር። የእኛ አገር ወንዝ በጋውን አሸዋ ሆኖ ይከርምና ክረምት ላይ ደጋው ሲዘንብ በአንድ ጊዜ ግንድና ድንጋይ ይዞ ይወርዳል። ከአምባሰልና ከጉባ ላፍቶ ተራሮች ምሥራቃዊ ጎን የሚነሣው ውሃ ወደ ምሥራቅ ወደ አፋር ነው የሚሄደው፤ የሚሌ ወንዝም በዚያው ወርዶ አዋሽን ይቀላቀላል። ሐዲዱ ደግሞ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሄድ ስለሆነ እያንዳንዱን ጅረት አንድ በአንድ ማቋረጥ አለበት። ስለዚህ መንገዱ በሙሉ ድልድይ፣ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦና ካልቨርት ነው። ማሳለፊያው ከጠበበ ሙሌቱ እንደ ግድብ ውሃ ያቁርና ወይ የሽማግሌውን ማሳ ያጥለቀልቃል፣ ወይ ራሱ ይጠረመሳል። ከተማ ያለ አንባቢ የባቡር መስመር ውድ የሚሆንበትን ምክንያት ሲጠይቀኝ ይህን ነው የምነግረው።

መሬቱ የተወሰደበት ገበሬ ካሳ ይከፈለዋል። በአገራችን ሕግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ካሳ የሚሰላው መሬቱ በሚሰጠው ምርትና በላዩ ባለው ንብረት ነው። ያን ጊዜ ይሠራ በነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997፣ መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ የመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይሰጠው ነበር። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን አሻሽሎ፣ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ በ15 እንዲባዛ አደረገ። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። መርሳ አካባቢ ግን ችግሩ ማባዣው ብቻ አልነበረም። ጤፍ የሚዘራ ሰው ገቢው በየዓመቱ ይታወቃል፤ ማንጎ የተከለ ግን ዛፉ ለዓመታት ምንም ሳይሰጥ ቆይቶ ነው ማፍራት የሚጀምረው። ልክ ሊያፈራ ሲል ችግኙ የተቆረጠበት ሰው «ያለፈውን ገቢህን አምጣ» ሲባል ምን ያምጣ? ገንዘቡን ከተቀበሉት ውስጥ ቤት የሠራበት አለ፣ ባጃጅ የገዛበት አለ፣ ድግስ ደግሶ የጨረሰውም አለ። መሬቱ ግን ለሁሉም አልተመለሰም። ለዚህ ነው «ባቡሩ ይቆማል?» የሚለው ጥያቄ እኛ ዘንድ የዋጋ ጥያቄ የሚሆነው፤ ሀብሩ አስቀድማ ከፍላለች።

ለምን ተገተረ?

የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው፣ የግንባታ ሥራው በአብዛኛው አልቋል። ሐዲድ ተነጥፏል፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ቆሟል። ሆኖም ባቡሩ የሚሄደው በናፍጣ ሳይሆን በ25,000 ቮልት ኤሌክትሪክ ነው። ከራሱ በላይ ከተዘረጋው ሽቦ ኃይል እየሳበ ይጓዛል። ለዚህ በየተወሰነ ርቀት ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ለማከፋፈያውም ከብሔራዊው የኃይል ቋት የሚመጣ ከፍተኛ መስመር ያስፈልገዋል። ሐዲዱ ሲደርስ ኃይሉ አልደረሰም። ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ተጎተተ። ዶላር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቆመው ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ነው፤ ሐዲዱ፣ ሽቦው፣ የምልክት መሣሪያው ሁሉ ከውጭ ነው።

ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በ2013 ዓ.ም ነሐሴ ወልዲያንና አካባቢዋን፣ በ2014 ጥቅምት ደሴንና ኮምቦልቻን ያዳረሰው ጦርነት ሰዉን ሲያፈናቅል በፕሮጀክቱ ካምፖችና ንብረት ላይም ዝርፊያና ጉዳት አድርሷል። ወደ መቀሌ የሚሄደው መስመርም የዚያው ጦርነት ሰለባ ነው። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ ወደ ሥራ መመለሱን የባሰ አከበደው። ለዓመታት የተጠቀጠቀ ሙሌት ሐዲድ ሳይነጠፍበት ሲቀር ዝም ብሎ አይቀመጥም። ክረምት ይሸረሽረዋል፣ ከብት ይረግጠዋል፣ ሰው መንገድ ያወጣበታል። ሥራው ሲቀጥል ከቆመበት ከመነሣቱ በፊት የፈረሰውን መጠገን ይኖርበታል፤ ያ ደግሞ ሌላ ዶላር ነው።

ቅርንጫፍ ለብቻው አያተርፍም

እዚህ ላይ አንባቢ «ለመሆኑ ያዋጣል?» ማለቱ አይቀርም። ቅርንጫፍ መስመር በዓለም ላይ የትም ቢሆን ለብቻው ሲመዘን አክሳሪ ነው የሚመስለው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1963 በባቡር ኃላፊያቸው በዶክተር ቢቺንግ ሪፖርት መሠረት በሺዎች የሚቆጠሩ የገጠር ጣቢያዎችንና መስመሮችን ለመዝጋት የተነሡት ገቢያቸውን ለየብቻ ቆጥረው ነው። ቅርንጫፎቹ ሲዘጉ ግን ከእነሱ ተነሥቶ ወደ ዋናው መስመር ይገባ የነበረው ተሳፋሪና ጭነትም አብሮ ወደ መኪና ሄደ። የተጠበቀው ቁጠባም ከታሰበው በታች ሆነ። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ከሞምባሳ ናይሮቢ የዘረጋችውን አዲስ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ2019 እስከ ናይቫሻ ካደረሰች በኋላ ለኡጋንዳ ድንበር ገንዘብ አጥታ እዚያው ለዓመታት አቁማው ቆይታለች። ያላለቀ መስመር ብድሩ እንደ ሙሉ፣ ገቢው እንደ ግማሽ ነው።

የእኛም ስሌት ከዚህ አይለይም። ኮምቦልቻ ብቻዋን በቂ ምክንያት አላት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ብረታ ብረቱ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡና በ2009 ዓ.ም ሐምሌ የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አሉ። እነዚህ ከጅቡቲ በኮንቴይነር የሚያስመጡት ጥሬ ዕቃና የሚልኩት ምርት ባቡር ይፈልጋል። ከኮምቦልቻ እስከ ሐራ ያለው 120 ኪሎ ሜትር ግን ፋብሪካ የለውም። ያለው ገበሬ ነው። ስለዚህ የዚህ ቁራጭ ትርፍ በሁለት ነገር ላይ ይንጠለጠላል፤ ከሐራ ወዲያ በሚቀጥሉት መስመሮችና እኛ በምንጭነው።

ምን እንጭናለን?

ስለ ማንጎ ልናገር፤ እንጀራዬ ነውና። ወቅቱ ሲደርስ ከጊራናና ከመርሳ ዙሪያ ፍሬው በአህያና በጋሪ ወደ መንገድ ይወጣል። ደላላው ዋጋ ይቆርጣል። ጫኝና አውራጆቹ ሣጥኑን ይደረድራሉ። አይሱዙው ፀሐይ ሳትከብድ ይነሣል፣ አለዚያም ማታን ይጠብቃል። ከታች የተጫነው ሣጥን ደሴ ሳይደርስ ይላላል፤ ጣርማ በርን አልፎ አዲስ አበባ ሲገባ ከእያንዳንዱ መኪና የሚጣል ፍሬ ይኖራል። ያን ኪሳራ ደላላውም፣ ሹፌሩም፣ እኔም አንሸከመውም። ከዋጋው ላይ ተቀንሶ ገበሬው ላይ ያርፋል።

ባቡር ይህን ሁሉ ይፈታል ብዬ አልዋሽም። ትኩስ ማንጎ ወደ ደሴና ወደ ወልዲያ ገበያ ወደፊትም በአይሱዙ ነው የሚሄደው፤ ባቡር ለአጭር መንገድ አይሆንም። ማቀዝቀዣ ባለው ኮንቴይነር ወደ ወደብ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ግን ከባቡር የተሻለ የለም። ከማንጎ ይልቅ ደግሞ ባቡር የሚወደው የሚከመረውንና የማይበላሸውን ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ በከርሰ ምድር ውሃ መስኖ ሽንኩርትና እህል የሚያመርት አካባቢ ነው። በአጠገባችን ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዝናብ አጠር ቆላ የሚሆኑ የማሽላ ዝርያዎች አውጥቷል፤ አንዱ ስሙን ከሰፈራችን የወሰደው ጊራና-1 ነው። የሚገባውም ከሚወጣው አያንስም። ማዳበሪያ፣ ነዳጅ፣ ሲሚንቶና ብረት ሁሉ ዛሬ በከባድ መኪና ነው ዳገቱን የሚወጣው። ማዳበሪያ ከዘር ወቅት በኋላ ሲደርስ ምን እንደሚባል ገበሬ ይጠየቅ።

አሮጌው የድሬዳዋ ባቡር አንድ ጥሩ ጠባይ ነበረው፤ በየትንሹ ጣቢያ ይቆም ነበር። ሴቶች አትክልትና ወተት ይዘው ይሳፈሩ፣ ሸጠው ይመለሱ ነበር። በ2009 ዓ.ም መስከረም የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር ከሱ በብዙ ይፈጥናል፣ በብዙም ይጭናል፤ ጣቢያዎቹ ግን ከከተማ ወጣ ብለው ነው የተሠሩት። የአዲስ አበባው ለገሀር ቀርቶ ፉሪ ለቡ ሄደ፤ የድሬዳዋውም ከከተማው ርቋል። ለኮንቴይነር ይህ ችግር የለውም። ሁለት ኩንታል ሽንኩርት ለያዘች ነጋዴ ግን የባጃጁ ኪራይ ከባቡሩ ቲኬት ሊበልጥባት ይችላል።

ስለዚህ ሥራው ሲቀጥል ሀብሩ የምትጠይቀው የሚከተለውን ይሁን። ከዋናው ሐዲድ ጎን ባቡር ሳያስተጓጉል ፉርጎ ቆሞ የሚጭንበት ሁለተኛ ሐዲድ ይኑር። ለመጋዘንና ለማቀዝቀዣ የሚሆን መሬት ዛሬውኑ ይከለል፤ ነገ ቤት ከተሠራበት በኋላ ማስለቀቅ ሌላ ካሳ፣ ሌላ እንባ ነው። ከመርሳ፣ ከጊራናና ከድሬ ሮቃ ወደ መጫኛው ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ይውጣ። ሙሌቱ ገበሬውን ከማሳው፣ ከብቱን ከውሃው እንዳይለየው በቂ መሹለኪያ ይሠራ፤ የውሃ ማሳለፊያውም በሽማግሌዎቹ የጎርፍ ትዝታ ልክ ይስፋ።

ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ የቱርክን ባንክም፣ የስዊስን አበዳሪም አይጠብቁም። መሬት መከለል የወረዳ ሥራ ነው፤ የጠጠር መንገድ የዞንና የክልል ሥራ ነው፤ ገበሬውን በማኅበር አደራጅቶ ፉርጎ የሚሞላ ምርት ማሰባሰብ የእኛ የራሳችን ሥራ ነው። ፉርጎ የሚሞላ ጭነት አዘጋጅቶ የጠበቀ አካባቢ ባቡሩ እንዲቆምለት መከራከሪያ አለው። ባዶ እጁን የጠበቀ ግን ባቡሩ ወደ መቀሌና ወደ ታጁራ ሲያልፍበት ያያል።